በብርድና በዝናብ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው የሚሆን ጓንት አመራረጥ

በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳና በባሌ የሳነቴ አምባ ላይ የዱር እንስሳትን ፎቶ ለማንሳት የሚዘጋጁ ወጣቶች ምክር ሲጠይቁኝ፣ ጥያቄያቸው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ካሜራና ስለ ሌንስ ነው። ስለ ጓንት የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። እኔ ግን በእነዚህ ደጋዎች በበጋም በክረምትም ስሠራ እንደተረዳሁት፣ ከፍ ባለ ቦታ ለረጅም ሰዓት እንስሳ የሚጠብቅ ሰው መልካም ፎቶ ይዞ መመለሱን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የጣቶቹ ሁኔታ ነው። ጣቶቹ የደነዘዙበት ሰው ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ላይ ልትዘል አድፍጣ ባለችበት ቅጽበት ሹተሩን (ፎቶ የሚያነሳውን ቁልፍ) በወቅቱ መጫን አይችልም፤ የያዘው ሌንስ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ይህን አያካክስለትም። ስለዚህ ስለ ጓንት የማውቀውን ሁሉ፣ በተለይም ብርድና እርጥበት አንድ ላይ ሲመጡ ምን እንደሚሻል፣ በዝርዝር ልጽፍ ወድጃለሁ።

በመጀመሪያ የምንወጣበት ብርድ ሁለት ዓይነት መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። የጓሳ አምባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ በሰሜን ተራሮች ውስጥ ያለው የጨነቅ ሰፈር ከ3,600 ሜትር በላይ ነው፤ ሳነቴ ደግሞ ወደ 4,000 ሜትር ከፍ ይላል፣ በላዩ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍም 4,377 ሜትር ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ ካሰብን፣ አዲስ አበባ ላይ በሹራብ ብቻ የሚታለፍ ጠዋት እዚያ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሰማዩ ጥርት ስለሚል የቀኑ ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ሊነጋ ሲል ሣሩ ሁሉ ውርጭ ለብሶ ይገኛል። ይህ ደረቅ ብርድ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ አየሩ ይለዝባል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ሙቀቱ ያን ያህል ባይወርድም ጉሙ አይነሳም፣ ካፊያው አያባራም፣ በመካከሉም በረዶ ይጥላል፤ እጅን የምታሞቅ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ላትገኝ ትችላለች።

ብዙ ሰው የሚፈራው የውርጩን ጠዋት ነው። እኔ ከሁለቱ የሚከብደው የክረምቱ እንደሆነ ያለ ማመንታት እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። ማንኛውም ጓንት የሚያሞቀው በክሮቹ መካከል አየር አፍኖ በመያዝ ነው። ውሃ ከማይንቀሳቀስ አየር ይልቅ ሙቀትን 25 ጊዜ ያህል ያስተላልፋል፤ ጓንቱ ሲርስ አየሩ የነበረበትን ቦታ ውሃ ይወስደዋል፣ የእጃችንም ሙቀት በዚያው መንገድ ይወጣል። በዚያ ላይ ውሃው በነፋስ ሲተን ከቆዳችን ተጨማሪ ሙቀት ይወስዳል። ስለዚህ 5 ዲግሪ ላይ የራሰ ወፍራም ጓንት ያደረገ ሰው፣ ከዜሮ በታች ደረቅ ቀጭን ጓንት ካደረገው ይልቅ ቶሎ ሊደነዝዝ ይችላል። ጓንት ስመርጥ ውፍረቱን ከመመልከቴ በፊት ሲርስ ምን እንደሚሆን የምጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ጣት የሚሠራው ሥራ ነው። የጣት ቆዳ ሙቀት ከ15 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ቅልጥፍናችን መቀነስ ይጀምራል፤ ከዚያም እያነሰ ሲሄድ የመዳሰስ ስሜቱ ራሱ ይጠፋል። ፎቶ አንሺ ደግሞ ዱላ እንደያዘ እረኛ እጁን ጨብጦ መቆየት አይችልም። ሹተሩ ሁለት እርከን አለው፤ በግማሽ ሲጫኑት ፎከስ ያደርጋል (ምስሉን ያጠራል)፣ ሙሉ በሙሉ ሲጫኑት ያነሳል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ጣት ካልተሰማው ሰውየው ሳይፈልግ ያነሳል፣ ወይም እንስሳው ካለፈ በኋላ ያነሳል። በጣት የሚዞሩት የብርሃን ማስተካከያ መዘውሮችም ትንንሽ ናቸው። ለበረዶ ሸርተቴ የተሠራው ወፍራም ጓንት ሙቀቱ ጥሩ ቢሆንም ለዚህ ሥራ የማይስማማው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ነገር አለ፦ ሁለቱ እጆቻችን አንድ ዓይነት ሥራ አይሠሩም። ካሜራዎች የሚሠሩት ለቀኝ እጅ ስለሆነ፣ ቀኙ ሹተሩንና ቁልፎቹን ይዞ ረቂቁን ሥራ ይሠራል፤ ግራው ደግሞ ከታች ሌንሱን ተሸክሞ የዙምና የፎከስ ቀለበቶችን ያዞራል። የረጅም ሌንስ አካልና ማቀፊያ አብዛኛውን ጊዜ ብረት ስለሆነ ከግራ መዳፍ ላይ ሙቀት ያለማቋረጥ ይስባል። በመሆኑም ለሁለቱም እጅ አንድ ዓይነት ጓንት ማድረግ ግዴታ አይደለም። እኔ በግራ እጄ ወፍራምና መዳፉ ላይ የማያንሸራትት ጎማ ያለበትን፣ በቀኝ እጄ ቀጭኑን አደርጋለሁ። ከሁለት የተለያዩ ጥንዶች አንድ አንድ ወስዶ መልበስ ለዓይን ባያምርም፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካሉት ምክሮች ሁሉ ወጪ ሳይጠይቅ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የትራይፖዱን (የካሜራው ባለ ሦስት እግር መቆሚያ) እግር የላይኛውን ክፍል በስፖንጅ ወይም በአሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ መጠቅለልም ሲሸከሙት እጅን ከብረቱ ይጠብቃል።

ወደ ጨርቁ ዓይነት ስንመጣ፣ ጥጥን ከመጀመሪያው ማውጣት ይገባል። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ሲርስም ምንም አያሞቅም፤ በየመንገዱ በርካሽ የሚሸጠው ነጭ የሥራ ጓንት ከዚህ ወገን ነው። ሱፍ ከዚህ ይለያል፤ ክሩ ከክብደቱ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ እርጥበት በውስጡ ይዞም የሚረጥብ ስሜት ሳይሰጥ የተወሰነ ሙቀት ይጠብቃል። የመንዝ ሰዎች ከበጎቻቸው ጠጉር የሚሠሩትን ባናና በርኖስ በዚያ ብርድ ለብሰው የሚውሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ፖሊስተር የሆነው ለስላሳ ፍሊስ ደግሞ ውሃ በክሩ ውስጥ ስለማያስገባ፣ ሲርስ ጨምቀው ካራገፉት በፍጥነት ይደርቃል፤ ነፋስ ግን እንደ ልቡ ያሳልፋል። ለውስጠኛ ጓንት ከቀጭን ሱፍና ከፍሊስ የትኛውም ይሆናል፤ ምርጫው በእጄ ቢሆን ሱፉን እወስዳለሁ።

ውሃን ስለሚከለክሉት ጓንቶች ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ገዢዎች በብዛት የሚሳሳቱት በዚህ ላይ ስለሆነ ነው። እንደ ጎርቴክስ ያለ ውሃ የማያስገባ ስስ ሽፋን ያለባቸው ጓንቶች አብዛኛዎቹ ሦስት ንብርብር አላቸው፦ የውጭው ጨርቅ፣ በመካከል ያለው ሽፋንና የውስጡ ማሞቂያ። ንብርብሮቹ እርስ በርሳቸው ካልተጣበቁ ጣት በውስጡ ይንሸራተታል፣ ቁልፍ ሲነካም የሚሰማው ጨርቁ ብቻ ይሆናል። በተጨማሪም ሽፋኑ ውሃ ባያስገባም የውጭው ጨርቅ ሊርስ ይችላል፤ የራሰው ጨርቅ ይከብዳል፣ በነፋስም ይቀዘቅዛል፣ እጁም ደረቅ ሆኖ ይበርደዋል። ስለዚህ እነዚህን ጓንቶች በላይ ለሚደረብ ትልቅ ጓንት እንጂ ሹተር ለሚጫን ጣት አልመክራቸውም። ጠላቂዎችና ዓሣ አጥማጆች የሚያደርጉት የኒዮፕሪን ጓንት የተለየ ጠባይ አለው፤ በውስጡ የተዘጉ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ስላሉት ውሃ ቢነካውም ሙቀቱን አይለቅም፣ ከእጅ ጋርም ተጣብቆ ስለሚሄድ መያዣው አስተማማኝ ነው። ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ስመርጥ ቁልፎቹ በደንብ ይሰሙኛል። ጉድለቱ ላብ ማፈኑ ነው፤ ሽቅብ እየወጡ ካደረጉት ከቦታው ሲደርሱ እጅ በላብ ርሶ ይገኛል። ሽቅብ በምወጣበት ጊዜ ቀጭኑን ሱፍ አደርጋለሁ፣ ኒዮፕሪኑን የማጠልቀው ተቀምጬ መጠበቅ ስጀምር ነው።

የቆዳ ጓንት ለእኛ ቅርብ ነው፤ የኢትዮጵያ የደጋ በግ ቆዳ ቀጭን ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ በዓለም የጓንት ሥራ ውስጥ የታወቀ ነው። ለደረቁ ብርድ እንዲህ ያለ የበግ ቆዳ ጓንት፣ ከውስጡ ቀጭን ሱፍ ተደርጎበት፣ ከሁሉም የበለጠ የመዳሰስ ስሜት ይሰጠኛል፤ ነፋስም አያስገባም። ለክረምቱ ዝናብ ግን አይሆንም። ለስላሳ ቆዳ ውሃ ከጠጣ በኋላ ለመድረቅ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፤ በእሳት ዳር ካደረቁት ደግሞ ይኮማተርና ይደርቃል፣ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አይመለስም።

እነዚህን ሁሉ ካየሁ በኋላ የደረስኩበት ነገር፣ ለእርጥብ ብርድ አንድ ጓንት ብቻውን እንደማይበቃ ነው። እኔ የምይዘው ሦስት ነገር ነው። ከእጄ ጋር የሚውለው ቀጭን የሱፍ ጓንት ነው። ተቀምጬ መጠበቅ ስጀምር በላዩ ኒዮፕሪኑን አደርጋለሁ። እንስሳው እስኪቀርብ ድረስ ባለው የመጠበቂያ ሰዓት ደግሞ አራቱ ጣቶች አንድ ላይ የሚገቡበትን፣ ውሃ የማያስገባውን ትልቅ ጓንት በላዩ እደርባለሁ፤ ጣቶች አንድ ላይ ሲሆኑ እርስ በርስ ይሞቃሉ። ይህ ትልቅ ጓንት በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ገመድ ሊኖረው ይገባል፤ አውልቀው ቢለቁት እንዲንጠለጠል እንጂ ጭቃ ላይ እንዳይወድቅ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ትርፍ የሱፍ ጓንት በላስቲክ ታስሮ በቦርሳዬ ውስጥ ሁልጊዜ አለ። ውድ የሆነ አንድ ጥንድ ከመግዛት መጠነኛ ዋጋ ያላቸውን ሁለት ጥንዶች መግዛት ይሻላል፤ በክረምት አንደኛው መራሱ አይቀርምና።

ኒዮፕሪን ማግኘት ላልቻለ ሰው በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠው የሕክምና ጓንት ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል። ከላቴክስ ይልቅ ሰማያዊው ናይትራይል ይሻላል፤ አንዳንዶችን ከሚያሳክከው ላቴክስ ነጻ ነው፣ አወላለቁም ቀላል ነው። ናይትራይሉ ከውስጥ በባዶ እጅ ላይ ይደረጋል፣ በላዩ የሱፍ ጓንት ይለበሳል፤ የላይኛው ሱፍ ቢርስም ውሃው ቆዳችን ላይ አይደርስም። ላብ ስለሚጠራቀም ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ አውልቆ፣ እጅን አድርቆ፣ አዲስ ማድረግ ያስፈልጋል። ያገለገለውን ይዞ መመለስ ግዴታ ነው፤ ጨነቅ ላይ ወይም ጓሳ ሣር ውስጥ የተጣለ ጓንት ለዘመናት አይበሰብስም።

ልክን በተመለከተ፣ ከአውራ ጣት በስተቀር መዳፉን በጣቶቹ ሥር ዙሪያውን በሜትር መለካት ያስፈልጋል፤ የጓንት ቁጥር ከዚህ ልክ ይነሳል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ እንዲልክላችሁ ስትጠይቁ ይህን ልክ በሴንቲ ሜትር ንገሩት፤ የሚፈልገውም ለበረዶ ሸርተቴ ከሚሸጡት መካከል ሳይሆን ለዓሣ ማጥመድና ለብስክሌት ከሚሸጡት መካከል መሆኑን አስረዱት። ጠባብ ጓንት የደም ዝውውርን ስለሚያግድ ከምንም ጓንት ያነሰ ሊያሞቅ ይችላል። የሚደረብ ጓንት የሚለካው ውስጠኛው ከተደረገ በኋላ ነው። በጣቱ ጫፍ ላይ ትርፍ ቦታ የሚቀር ከሆነ ደግሞ ሹተሩን የሚነካው ባዶ ጨርቅ ይሆናል፤ ቀኝ አመልካች ጣት ላይ ይህን አጥብቆ መመልከት ይገባል። በሰልባጅ ገበያ የሚገዛ ሰው ስፌቱን ወደ ውጭ ገልብጦ ይመልከት፤ ወፍራም ስፌት በጣቱ ጫፍ መሐል ካለፈ ለካሜራ አይሆንም። ካሜራውን ይዞ ወደ ገበያ መሄድ ካልተመቸ፣ ጓንቱን አድርጎ ከጠረጴዛ ላይ ሳንቲም ማንሳትና የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ጥሩ መፈተኛ ነው።

የእጅጌውም ነገር መታሰብ አለበት። በዝናብ የሚጓዝ ሰው እጁ ወደ ታች ስለሚሆን፣ የጃኬቱ እጅጌ በጓንቱ ላይ ቢወድቅ ውሃው ወደ ውጭ ይፈሳል። ፎቶ አንሺ ግን ካሜራውን ወደ ዓይኑ አንስቶ ስለሚቆይ ውሃው ከእጁ ወደ ክርኑ ይወርዳል፤ እጅጌው ከላይ ከሆነ ቀጥታ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ረጅም አንገት ያለው ጓንት መርጦ በጃኬቱ እጅጌ ላይ ማድረግና በላስቲክ ማሰር ይሻላል። በአንጓ በኩል የደም ሥሮች ለቆዳ ቅርብ ስለሆኑ ያን ቦታ መሸፈን በራሱ ጣቶችን ያሞቃል።

ጫፋቸው ወደ ኋላ የሚታጠፍ ጓንቶችን የሚወዱ ብዙ ናቸው፤ ለደረቁ ብርድ እኔም እጠቀምባቸዋለሁ። በዝናብ ግን የታጠፈው ኪስ ውሃ ያጠራቅማል፣ ሲዘጋም ያ ውሃ ጣት ላይ ይመጣል። የሚዘጉበትም መንገድ ልዩነት አለው፤ በቬልክሮ (በሻካራ ተጣባቂ ጨርቅ) የሚዘጋው ሲከፈት የሚያሰማው የመቀደድ ድምፅ በጸጥታው አምባ ላይ ሩቅ ይሰማል። ሰው የለመደው ጭላዳ ዝንጀሮ ላይጨነቅ ይችላል፤ ቀይ ቀበሮ ግን ቀና ብላ ትሄዳለች። በማግኔት የሚዘጋው ድምፅ አልባ ስለሆነ ይሻላል። ማግኔቱ የዛሬዎቹን ሜሞሪ ካርዶች አይጎዳም፤ የስልክን አቅጣጫ ጠቋሚ ግን ሊያሳስት ይችላል።

በስክሪን ላይ ይሠራል ተብሎ የሚሸጥ ጓንት ላይ ብዙ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ስክሪኑ ራሱ በዝናብ ጠብታ ሲሸፈን በባዶ ጣትም በትክክል አይታዘዝም። ከዚያ ይልቅ ከቤት ከመውጣት በፊት ካሜራውን በቁልፍ ብቻ እንዲሠራ አድርጎ ማዘጋጀት፣ ስክሪኑን መንካት እንዳይሠራ መዝጋት፣ ፎከሱንም ከሹተር ወደ ጀርባ ቁልፍ ማዛወር ይጠቅማል። ፎከሱ በአውራ ጣት ሲሆን ሹተሩ አንድ እርከን ብቻ ስለሚቀረው ወፍራም ጓንት ያደረገ ጣትም ይሳካለታል።

ጓንት እጅን የሚጠብቀው ሰውነት የሚልከውን ሙቀት በመያዝ እንጂ ሙቀት በመፍጠር አይደለም። ደረትና ራስ ሲበርዳቸው ሰውነት ደሙን ከእጅ ወደ መሐል ይሰበስባል፤ ያን ጊዜ ምርጡ ጓንትም አይረዳም። ስለዚህ የሱፍ ኮፍያ፣ የውስጥ ሹራብ፣ ከመውጣት በፊትም ትኩስ ገንፎ ወይም አጃ መብላት የጓንቱ አካል እንደሆኑ እቆጥራለሁ። የብረት ዱቄት ያለባቸው የእጅ ማሞቂያ ከረጢቶች የሚሞቁት ከአየር ኦክስጅን ሲያገኙ ስለሆነ፣ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይና በራሰ ጓንት ውስጥ ይዳከማሉ። በጠርሙስ የተሞላ ትኩስ ውሃ በካልሲ ተጠቅልሎ በጃኬት ኪስ ውስጥ ቢደረግ ይበልጣል፤ በኋላም ይጠጣል። ጣት ነጭ ሆኖ ስሜት ካጣ ሥራውን ማቆም ያስፈልጋል። የደነዘዘ ጣት ቃጠሎ ስለማይሰማው ወደ እሳት አቅርቡት አልልም፣ ማሸትም አይገባም፤ በብብት ሥር አድርጎ ቀስ በቀስ ማሞቅ ነው። ስኳር ሕመም ያለበት ወይም በብርድ ጣቱ ቶሎ የሚነጣ ሰው ከመሄዱ በፊት ሐኪም ያማክር።

አብረውን የሚወጡት ስካውቶች (የፓርክ ጠባቂዎች) እና የበቅሎ ነጂዎች በዚያው ዝናብ ከእኛ ጋር ይቆማሉ፤ ብዙዎቹም ጓንት የላቸውም። ለራሴ ስገዛ ለእነርሱም የሱፍ ጓንት ጨምሬ እይዛለሁ፤ ሌሎችም ይህን እንዲያደርጉ ከልብ እጠይቃለሁ።

ማታ ወደ ሰፈር ሲመለሱ የራሰውን ጓንት ጨምቆ፣ ገልብጦ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ከድንኳን ውስጥ መስቀል ያስፈልጋል፤ ከሰል ላይ መያዝ ፖሊስተሩን ያቀልጠዋል፣ ኒዮፕሪኑንም ያበላሸዋል። ትንሽ እርጥበት የቀረበትን ቀጭን ሱፍ በልብስና በልብስ መካከል አድርጎ ቢተኙ እስከ ጠዋት ይደርቃል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሁሉንም በለብታ ውሃና በጥቂት ሳሙና አጥቤ በጥላ አደርቃቸዋለሁ፤ ከሰኔ በፊት ደግሞ ውሃ የማያስገባውን ጓንት በውሃ ሞልቼ ከውጭ እየጨመቅሁ ስፌቱ የሚያንጠባጥብበትን ቦታ እፈልጋለሁ፤ የተገኘው ቀዳዳ በጎማ ማጣበቂያ ተደፍኖ ለአንድ ሌሊት መድረቅ አለበት።